ሊቀ ሞላ እና የስፕሪንግ ዘር ማንዘር

ከዛገ ሞላ፣ ከአሮጌ ስፖንጅና ከአንዲት ጠባብ ሱቅ በስተቀር ግዛት የሌለው፤ ሠራዊቱ ወስፌ፣ ግምጃ ቤቱ የሚስማር ቆርቆሮ የሆነ፤ የሰፈሩ ሰው ለምርቃት ሳይሆን ለሹፈት «ሊቀ ሞላ» የሚል ማዕረግ የጫነበት ሶፋ አዳሽ፣ ከእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ አንዲቷን፣ አንዲቷን ብቻ፣ ከነአያት ቅድመ አያቷ የሚያውቅ መሆኑ ለሚመለከተው ሁሉ ታውቆ፣ ስሙ በተጠራ ጊዜ የተቀመጠ ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ እንዲል ታውጇል። ይህን አዋጅ የማይቀበል እንደቆመ ይቅር።

አዋጁን ያወጀው መንግሥትም ማኅበርም አይደለም። ባለጉዳዩ ራሱ ነው፤ አንድ ጊዜ አውጆ የሚተው ሰውም አይደለም። ሱቁ በፀጉር ቆራጩና በመድኃኒት ቤቱ መካከል፣ ታክሲ ውስጥ በሁለት ወፍራሞች መሀል እንደተቀመጠ ከሲታ ተጨምቆ ቆሟል። በሩ ላይ ሆዳቸው የተዘረገፈ ወንበሮች ይደረደራሉ። እሱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሚስማሩን በከንፈሩ ነክሶ ይይዛል፤ ወሬውም የሚወጣው በሚስማሮቹ መካከል ተሽሎክልኮ ነው። የሶፋ ሆድ በጥጥ መሞላት ከቀረ ዘመን የለውም፤ እሱ ግን ስፖንጁን እስከ ዛሬ «ጥጥ» ይለዋል። «ጥጡ አልቋል» ሲል ስፖንጅ ሊገዛ መሄዱ ነው።

ደንበኛ ስትመጣ አንዱን ሚስማር ይተፋል።

«ሶፋዬ ደረሰ?» ትላለች ሴትዮዋ።

«እትዬ፣ ስፕሪንግ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ሞላ ነዋ። ደረሰ ወይ ነው ያልኩህ።»

«ሞላ አንዱ ነው። ምንጭም ስፕሪንግ ነው። ፀደይም ስፕሪንግ ነው። ዘሎ መነሣትም ስፕሪንግ ነው። አራት ወንድማማች፣ አንድ እናት። ታላቁ የትኛው ይመስልሻል?»

«እኔ የሚመስለኝ፣ ባሌ መሬት ቁጭ ብሎ እራቱን መብላት ከለመደ ሶፋውን ለሌላ ትሸጠዋለህ።»

ፀጉር ቆራጩ ከበሩ ላይ ሆኖ ይስቃል። «እትዬ፣ ዝም ብለሽ ታላቁ ሞላው ነው በይው፤ ያለዚያ አያስረክብሽም።»

አንድ ቃል ይዘው ዓለምን ሊያስረዱ የተነሡ ሰዎች ስንት አገር እንዳተራመሱ በራሪ ወረቀት ያነበበ ሁሉ ያውቃል። እግዜር ይስጠውና የኛው ያተራመሰው ሶፋ ብቻ ነው። ብቻ ነበር፣ ማለት ይሻላል፤ ሴት ልጁ እስክትነሣ ድረስ።

ቃሏን ያገኛት እንዲህ ነው። ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፤ ከተማው መሀል ያለው የአስተርጓሚዎች ማሠልጠኛ የኮሪደሩን ረጅም ሶፋ እንዲያድስ ጠራው። ሶፋው በበሩ አልወጣ ስላለ እዚያው ኮሪደር ላይ ተገልብጦ ተሠራ። አጠገቡ በእንጨት ማቆሚያ ላይ ሁለት ሰው ካልተጋገዘ የማይነሣ መዝገበ ቃላት ተዘርግቶ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሊቀ ሞላ ዳቦውን እያላመጠ፣ የምታልፍ ተማሪ ጠራ። «እስቲ የኔ ልጅ፣ ስፕሪንግ የሚለውን አንብቢልኝ። የእንጀራዬ ቃል ነው።» ተማሪዋም አነበበችለት፣ ተረጎመችለት፣ ትርጉሞቹን ከነመነሻቸው ነገረችውና ወደ ክፍሏ ሄደች። እሱ እንዳይረሳው ጠመኔውን አወጣና በሶፋው ውስጠኛ እንጨት ላይ ጻፈው።

ይህ እንግዲህ የአሠራር ልማዱ ነው። የሚያድሰው ሶፋ ሁሉ ውስጡ ጽሑፍ አለበት። የጨርቁ ልክ፣ ሚስቱ ግዛ ያለችው ሳሙና፣ ዋጋ ቀንስ ብሎ ላደረቀው ደንበኛ የሚገባ ስድብ፣ ሁሉም እንጨቱ ላይ ይሰፍራል፤ ከዚያ ጨርቅ ይለብስበታል። ሰፈሩ በሙሉ በየገዛ ስድቡ ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ያያል።

ያን ቀን ግን ጠመኔው ተማሪዋ ያለችውን ጽፎ አላቆመም። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል እንዲሉ፣ ሊቀ ሞላ ከሥሩ የራሱን ጨመረበት፦ መጀመሪያ ሞላው ነበረ፤ ሰው ተቀመጠበት፤ ሞላው መልሶ አነሣው፤ ሰውየውም ከመሬት የሚዘለውን ውሃ ባየ ጊዜ እንደ ሞላው ነው አለ፤ ቅጠሉም ከቅርንጫፍ ብቅ ሲል እንዲሁ። ዓለም ከሶፋ ውስጥ ተጀመረች ብሎ የሚያስብ ሶፋ አዳሽ ብቻ ነው። ዓሣ አጥማጅ ቢሆን ኖሮ ከመረብ ያስጀምራት ነበር። ዓመታት ሲያልፉ የመዝገበ ቃላቱ ቃልና የሱ ቃል አንድ ጨርቅ ሆነው ተሰፉ። ስፌት መደበቅ ደግሞ ያውቅበታል፤ ይኸው ከራሱም ደበቀው።

ልጁ የአንድ ብረታ ብረት ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ናት። ባለሱቁ ስሟን አያውቀውም፤ «አንቺ ካሸሯ» ነው የሚላት። እንግሊዝኛውን የተማረችው ከትምህርት ቤት፣ ከሬዲዮና ከሚስማር ካርቶኖች ጀርባ ነው። አስተርጓሚ ለመሆን ባለፈው ዓመት ተፈትና፣ ፈታኞቹ ፊት ምላሷ ከላንቃዋ ተጣብቆ ወጣች። ዘንድሮ የመጨረሻዋ ነው፤ ከዘንድሮ በኋላ ዕድሜዋ ከማሠልጠኛው ገደብ ያልፋል። ፈተናው ቀላል ይመስላል፦ እያንዳንዱ ተፈታኝ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይመርጣል፤ ሦስት ሰዎች ፊት ቆሞ የቃሉን ትርጉሞችና አመጣጥ በእንግሊዝኛ ያስረዳል።

«የትኛውን መረጥሽ?» አለቻት እናቷ።

«የአባዬን።»

እናትየው የምትከትፈውን ሽንኩርት ተወችው። «የዓለም ቃል ሞልቶ ተርፎ ከሶፋ ውስጥ ቃል ታወጫለሽ? አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ ኑሮዋን ይዛ ነው የምትገባው። የምትነግራትን አረጋግጠሃል?»

«ከመዝገበ ቃላት ነው ያገኘሁት። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

«ጆሮህንማ አውቀዋለሁ። ሳሙና ስልህ ሻማ ይዞ የሚመጣ ጆሮ ነው።»

ስልክ የለም ወይ ትሉ ይሆናል። ነበረ። ልጅቷ ስልኳን ከፍታ ልታመሳክር ስትል የከለከላት እሱ ነው። «ስልክ ለሁሉም ያንኑ መልስ ነው የሚሰጥ። ፈታኞቹ የስልክ መልስ ሲሰሙ ነው የሚውሉት። ያንቺ ከእጅ የወጣ ሥራ ይሁን» አላት። አባቷን ስለምትወድ ስልኩን ዘጋችው። ፍቅር የሚባለው ጉድ ስንቱን ሰው ሳያመሳክር አስቀርቷል።

የፈተናው ጠዋት ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ የተፈታኙንም የሸኚውንም ስልክ በፕላስቲክ ሳፋ ይሰበስባል። «ባለፈው ዓመት አንዱ ከውጭ ሆኖ መልስ ሲያቀብል ተይዟል» አለ፣ የያዘው እሱ እንደሆነ በሚያሳውቅ ድምፅ። አባትና ልጅ ስልካቸውን ሰጥተው ኮሪደሩ ውስጥ ገቡ።

ሶፋው እዚያው ነው። ሊቀ ሞላ እንደ አሮጌ ወዳጅ ክንዱን ዳበስ አደረገው። የመዝገበ ቃላቱ ማቆሚያ ግን የለም፤ በቦታው የውሃ ማቀዝቀዣ ቆሟል፤ ከሆዱ እየቆየ ቡልቅ የሚል ድምፅ ያወጣል። ሶፋው ላይ ሌሎች ተፈታኞች ተደርድረዋል፤ ጫፉ ላይ ሱፍ የለበሰ አባት ከልጁ ጋር ተቀምጧል። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።

«አንዴ ላሰማህ» አለች ልጅቷ፣ አባቷ እንዲገባው በአማርኛ፣ በሹክሹክታ። እጆቿ ጉልበቷ ላይ አንዱ አንዱን ጨምቆ ይዟል። «በመጀመሪያ ሞላው ነበረ። ሰው ተቀመጠበት፤ ሞላውም መልሶ አነሣው። ከዚያ በኋላ ሰው ከመሬት የሚዘለውን ውሃ ሲያይ…»

ይህን ነገር ሊቀ ሞላ ከራሱ አፍ፣ በሚስማር መካከል፣ ለቁጥር የሚታክት ጊዜ ሰምቶታል። ከልጁ አፍ፣ ያለ ሚስማር፣ እዚህ ነጭ ግድግዳ ሥር ሲሰማው ግን የሌላ ሰው ወሬ መሰለው።

ባለ ሱፉ አንገቱን መለስ አደረገ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ጆሮዬ ገብቶ ነው። ከውሃ በፊት ሶፋ ነበረ?»

«እና አዳምና ሔዋን ምን ላይ የተቀመጡ ይመስልሃል?» አለ ሊቀ ሞላ። አፉ መለሰ እንጂ ልቡ አልተከተለውም። የማቀዝቀዣው ሆድ ቡልቅ አለ።

ማሰብ ጀመረ። ያቺ ተማሪ ምን ነበር ያለችው? «ዘለለ» ብላለች፤ ይህን ያስታውሳል። ማን ዘለለ? መጀመሪያ ውሃው ነበር ወይስ ሞላው? ድምፅዋን ሊያስታውስ ሲጥር የሚመጣለት የራሱ ድምፅ ብቻ ነው። ተነሥቶ ወደ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ሄደ።

«የኔ እመቤት፣ እዚህ ጋ የነበረው ትልቁ መዝገበ ቃላት?»

«ከተነሣ ቆየ፣ አባቴ። ቢሮ ውስጥ ተቆልፎበታል።»

«ቁልፉስ?»

«ከፈታኞቹ ጋር ነው።»

«ፈታኞቹስ?»

«እየፈተኑ ነዋ።» ቀና ብላ አየችው። «ምነው፣ አሞዎታል?»

በሩ ተከፈተ፤ አንዱ ተፈታኝ ፊቱ ዐመድ መስሎ ወጣ፣ የባለ ሱፉ ልጅ ገባ። ከሱ ቀጥላ የሊቀ ሞላ ልጅ ናት። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላሉ የጥንት ሰዎች። የሊቀ ሞላ ነገር ሥሩ የት እንዳለ ያን ጊዜ ትዝ አለው፤ ጠዋቱን ሙሉ የተቀመጠው እላዩ ላይ ነበር።

«ተነሡ» አለ።

ሰዎቹ አዩት።

«ሞላው ሊወጣ ነው። ጨርቁን በስቶ ነው የሚወጣ። እኔ ነኝ የሠራሁት፤ ሰው ቢወጋ ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

ኮሪደሩ በሙሉ ብድግ አለ። ባለ ሱፉ ሱሪውን ከኋላ እየዳበሰ ከሁሉ ቀድሞ ዘሎ ተነሣ፤ አራተኛውን ትርጉም በአካል አስረዳ። ከላይ የተጠቀሰው አዋጅም በዚህ ሁኔታ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ተከበረ።

ሊቀ ሞላ ሶፋውን በሆዱ ገለበጠው። ያለ ስለትና ያለ ቆልማማ መርፌ ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም። የታችኛውን ጨርቅ ጥግ ፈታ ፈታ አደረገና ጭንቅላቱን አስገባ። ውስጡ የፀጉር ጌጥ፣ የብስኩት ፍርፋሪ፣ ክዳን የሌለው እስክሪብቶ ተጠራቅሟል። በመስኮቱ በኩል በገባችው ብርሃን እንጨቱን አገኘው። ያ ሁሉ ተፈታኝ እየተቁነጠነጠ፣ ሞላው እያሸ እያሸ፣ ጠመኔውን ነጭ ጭስ አድርጎታል። አንድም ፊደል የለም። ወደ ጥግ የቀረች አንዲት መስመር ብቻ ቁልጭ ብላ ትነበባለች፦ «የዚህ ቤት ዕቃ ገዢ ቋጣሪ ነው።» ስድቡን በእርሳስ ጽፎት ኖሯል፤ እውቀቱን በጠመኔ።

«አባዬ።» ልጅቷ አጠገቡ ቁጢጥ ብላለች። ድምፅዋ እንዳይሰማባት ዝቅ አደረገችው። «ምን እያደረግህ ነው? ሰው እያየን ነው።»

ጭንቅላቱን አወጣ። ቅንድቡ ላይ አቧራ አለ።

«ልጄ፣ ያ ሞላው መጀመሪያ ነው የሚለው…»

«እ?»

«የመጽሐፉ ይሁን የኔ አላውቅም።»

«እንዴት አታውቅም?»

«ሁለቱንም ጽፌ ነበር። አሁን ሳስበው የኔ ሳይሆን አይቀርም።»

ተቆጥታ ብትሰድበው በተሻለው ነበር። ዓይኗ ከሱ ላይ ተነሥቶ ወደ ተገለበጠው ሶፋ ሄደ፤ ሽቦዎቹ በየረድፋቸው ተጠማዝዘው፣ በገመድ ተይዘው፣ ቢለቋቸው ለመዝለል የተሰናዱ ይመስላሉ። ዓይኗም እዚያው ላይ ቀረ።

በሩ ተከፈተ። የባለ ሱፉ ልጅ ወጣ። ከውስጥ አንድ ድምፅ «ቀጣይ» አለ።

ልጅቷ ጉልበቷን አራግፋ ገባች። በሩ ተዘጋ።

ሊቀ ሞላ ሶፋውን መስፋት ጀመረ። ዕድሜውን ሙሉ ያልወጋችው መርፌ ያን ቀን ደጋግማ ወጋችው። ጆሮው በሩ ላይ ነው። የልጁ ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም። ድምፁ ቆመ። የጸጥታው ርዝመት ባለፈው ዓመት የነገረችውን ጸጥታ መሰለው። ከዚያ የወንድ ድምፅ፣ አጭር። ከዚያ ሳቅ፤ ሦስቱም ፈታኞች የሳቁ ይመስላል። በሷ ይሳቁ ከሷ ጋር ይሳቁ፣ በር አያስተላልፍም። ማቀዝቀዣው ቡልቅ ባለ ቁጥር ቀና ብሎ ያየዋል፤ ያ ዕቃ ነገሩን ከመጀመሪያው ያወቀበት ይመስለዋል።

«መቀመጥ ይቻላል?» አለ ባለ ሱፉ፣ ልጁን አቅፎ።

«አይቻልም።»

«ወንድሜ፣ እግሬ ዛለ።»

«የኔም ዝሏል።»

ልጅቷ ወጣች። አባቷን አላየችውም። በቀጥታ ወደ ማቀዝቀዣው ሄዳ ውሃ ቀዳች፣ ጠጣች፣ ደገመች። ሊቀ ሞላ መርፌውን እንደያዘ ቆሞ ጠበቀ።

«ጨርሰሃል?» አለችው።

«ጨርሻለሁ። ምን አልሽ?»

«መጀመሪያ መዝለሉ ነው አልኩ። ከዚያ ምድርን ሰንጥቆ የሚዘለው ውሃ። ከዚያ ቅጠሉ ከቅርንጫፍ ሲፈነዳ ወቅቱ ስሙን ከሱ ወሰደ። ሞላው መጨረሻ ነው የመጣው አልኩ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ሶፋው ተገልብጦ ሳየው ነው። ይህን ሽቦ መጀመሪያ የጠመዘዘው ሰው ምን ብሎ ይጥራው? አዲስ ነገር በእጁ ይዟል፣ ስም የለውም። ቀድሞ የሚያውቀውን ስም ነው የሚለጥፍበት። አንተስ ስፖንጁን ጥጥ ነው የምትለው አይደል?»

ሊቀ ሞላ መርፌውን ሸሚዙ ላይ ሰካ። «እኔን ጠቅሰሽኛል?» አለ።

«አልጠቀስኩህም።»

«ደግ አደረግሽ።» ይህን ያለው በውነት ነው። «ምን አሳቃቸው ታዲያ?»

«ሽማግሌው ፈታኝ "እርግጠኛ ነሽ?" አለኝ። "አይደለሁም፤ ስልኬ በር ላይ ተቀምጧል" አልኩት።»

«ሳቃቸው ጥሩ ነው መጥፎ?»

«አላውቅም አባዬ። አትጠይቀኝ።»

ውጤቱ እስኪወጣ ድረስ የነበሩት ቀናት ለሰፈሩ ክፉ ቀናት ነበሩ። ሊቀ ሞላ የአንዱን ሶፋ ጨርቅ ለሌላው አለበሰ፤ ከንፈሩ የያዘውን ሚስማር ሊውጥ ሲል ፀጉር ቆራጩ ጀርባውን መትቶ አስተፋው። «ስፕሪንግ» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፤ ደንበኞች መጥተው ሶፋቸውን ብቻ ጠይቀው መመለሳቸው ግራ አጋባቸው። ሚስቱ አንድም ቀን አልወቀሰችውም፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ ባሰበት። «አንድ ነገር በይኝ እንጂ» ቢላት፣ «ሳሙና አልቋል» አለችው። ሳሙና ይዞ መጣ። ልጅቷ ብረታ ብረት ሱቋ ትሄዳለች፣ «አንቺ ካሸሯ» ስትባል ትውላለች፣ ማታ ወጧን ሳታጣጥም ትነሣለች። አባትና ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ ሁለቱም ስለ አየሩ ያወራሉ።

ውጤቱ በማሠልጠኛው በር ላይ ተለጠፈ። አልፋለች። ያለፉት ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ፣ ከሥሩ ወፍራም መስመር ተሰምሮ፣ የሷ ስም መስመሩን ሊረግጥ ምንም አልቀረው፤ የመጨረሻዋ ናት። ሊቀ ሞላ መስመሩን በጣቱ ደጋግሞ አየው። ሶፋው ባይገለበጥ ኖሮ ስሟ ከመስመሩ በየት በኩል ይሆን እንደነበር ሁለቱም አስበዋል፤ አንዳቸውም አላነሡትም።

ያኔ ነው ልጅቷ፣ ወደ ሱቁ ሲመለሱ፣ ስልኳን የከፈተችው። «አሁን ስማ።» እያነበበችለት አዳመጠ። መዝለል፣ ፈንድቶ መውጣት፤ ምንጭ፤ ወቅት፤ ሞላው ከነሱ በኋላ። ሰፈሩ ሊቀ ሞላ በመጨረሻ ተሸነፈ ብሎ ሊደሰት አሰፍስፎ ነበር። ፀጉር ቆራጩ መቀሱን ይዞ ወጥቶ ቆመ።

ሊቀ ሞላ አንድ ሚስማር ተፋ። «መዝገበ ቃላት የሚጽፉት ሰዎች ምን ላይ ተቀምጠው ነው የሚጽፉት?» አለ።

ፀጉር ቆራጩ ወደ ደንበኛው ተመለሰ።

ስለዚህ ሰውየው አልዳነም። ልጁ ማሠልጠኛ ገብታ የሰው ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ማስተላለፍ ስትማር፣ እሱ በየሶፋው ውስጥ ያንኑ መጻፉን ቀጥሏል። እንዲያውም ትምህርት ወስዷል፤ ጠመኔውን ጥሎ የማይለቅ ቀለም ገዝቷል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ተመቻችተው ተቀምጠው እያነበቡ ከሆነ፣ ለአንድ አፍታ ብድግ ይበሉና ሶፋዎን ይገልብጡት። የታችኛውን ጨርቅ ጥጉን ብቻ ይፍቱ። ስለ እርስዎ የተጻፈውን አይተው አይቀየሙ፤ ዋጋ ቀንስ ብለው ይሆናል። ከሱ በታች «መጀመሪያ» ብሎ የሚጀምር መስመር ካገኙም አይሳቁበት። መልሰው ከመስፋትዎ በፊት ግን፣ እርስዎም ለልጅዎ «መጽሐፍ ላይ አለ» ብለው ካወረሱት ሁሉ የትኛው የመጽሐፉ፣ የትኛው የራስዎ እንደሆነ፣ እባክዎ አንዴ ለይተው ይንገሩን።